ለወይዘሮ ሙከራ የተለቀሰበት ጠዋት

ከኮምቦልቻ የወጣሁት ሱብሒ እንደተሰገደ ነው። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና በአውቶቡሱ መስኮት እጄን ይዛ፣ «ሦስት ወር ነው የሰጠሁሽ። ካልቀጠሩሽ ትመለሻለሽ» አለችኝ። ሦስቱን ወር ለሙከራ የሰጠኝ መሥሪያ ቤቱ ነበር፤ እሷ ግን የራሷ አደረገችው። ሰው ሁሉ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ የሷ ልጅ መቐለ መሄዷ ለጎረቤት የማይወራ ነገር ሆኖባት ነበር።

የመቐለ ብርድ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሕምባሻው ግን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ከኛ ዳቦ ይበልጣል። ይህን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ። አከራዬ አደይ ለተብርሃን ክፍሉን ሊሰጡኝ ሲሉ መረመሩኝ።

«ባል አለሽ?»
«የለኝም።»
«ዘመድ?»
«እዚህ የለኝም። እናቴ ኮምቦልቻ ናት።»
«ዋይ ኣነ! በዚህ ሁሉ ከተማ አንድ ሰው የለሽም?» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ቢሯችን ዓይደር አካባቢ ያለች ሦስት ክፍል ናት። ጋዜጦችና ዕድሮች ጽሑፋቸውን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጡበት ሶፍትዌር እንሠራለን። የኔ ድርሻ ሶፍትዌሩን በራሱ የሚፈትን ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነካው እንደ አዘጋጅ ይገባል፣ የውሸት ጽሑፍ ያወጣል፣ መታየቱን ያያል፣ መልሶ ያጠፋዋል።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ለኀዘን ማስታወቂያው ዓምድ ፈተና ጻፍኩ። የሟች ስም ሲጠይቀኝ፣ የእውነት ሰው ስም መጻፍ ሟርት ነው ብዬ «ወይዘሮ ሙከራ» አልኩ። የልጅ ስም? የራሴን። ለቅሶ የሚደረስበት? በከተማው የማውቀው አንድ አድራሻ ነው፤ የአደይ ለተብርሃንን ግቢ ሞላሁ። ከዚያ ሳላስተውል በመሞከሪያው ገጽ ፈንታ ከተማው ሁሉ የሚያነበውን እውነተኛውን ገጽ አስገባሁ። መልሶ የሚያጠፋው ክፍልም አልሠራም፤ ማስታወቂያው ወጥቶ ቀረ።

በማግሥቱ ለሥራ ስወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

«ጓለይ! ጽንዓት ይሃብኪ፣ መጽናናቱን ይስጥሽ! እናትሽ ሞታ ከኔ ትደብቂያለሽ?»
«አደይ፣ እናቴ እኮ ደህና ናት!»
«አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» አሉና ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «አላመነችም» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድስቶቹ ተደርድረዋል፤ «የኛን ሥጋ አትበላም» ተባብለው ሁሉም ምስር ነው የሠሩት። ሦስት ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር ያላወራኋቸው ሴቶች፣ ለማያውቋት እናቴ ዓይናቸው ቀልቷል። እኔም አለቀስኩ። አላህ ይስጣቸው፤ እንዲህ የተወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እዚያው ቆሜ ለአለቃዬ ለሓጎስ ደወልኩና ጥፋቴን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

«ስንት ሰው መጣ?» አለኝ።
«ሠላሳ ይሆናሉ።»
«እንግዲያ ማውጣቱ ይሠራል። ያልሠራው ማጥፋቱ ነው።» ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «ቀልድ አይደለም። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፤ ይቅርታውን አንቺ ትጽፊያለሽ። ፈተናዎችሽ እውነተኛውን ገጽ እንዳይነኩ የሚከለክል ነገርም ትሠሪያለሽ።»
«በቀረኝ ሦስት ቀን?»
«የምን ሦስት ቀን? ሌላው ቢሆን ይደብቀኝ ነበር፤ አንቺ ቀድመሽ ደወልሽ። ቀጥሬሻለሁ።»
«ቀጠርከኝ?» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ ግን አሁንም አላመኑኝም። እናቴ ጋ ደወልኩና ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። ነገሩን ስነግራት፣ «ማን? እኔ ነኝ የሞትኩት?» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። አደይ ለተብርሃን ስልኩን ነጠቁኝ።

«ሓፍተይ! አልቅሼልሽ ነበር እኮ!»
«አላህ ያክብርልኝ እህቴ። ልጄን ሰው ሆናችሁላት።»
«ምን ትሆናለች ብለሽ አታስቢ። ሥራውንም አሁን ሰጧት፣ በጆሮዬ ሰማሁ!»

እናቴ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ደግማ አለች። ስልኩን ተቀበልኳቸው።

«እማ?»
«ደስ ብሎኛል ልጄ» አለች። «እንግዲያ አትመለሺም ማለት ነው?»

ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። ሴቶቹ ማንሾካሾካቸውን ትተው አዩኝ።