አባባ ሳማ ሲሉ እኔ ሌላ አልኩ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2015 ክረምት፣ በእስራኤል ትምህርት በማይዘጋበት የዝናብ ወቅት፣ ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተሰበረም፤ የሁለት ሰው ጣት ብቻ ነው የተለበለበው። እኔ ግን ለማስተርጎም አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያ ቀን ፊቴ ድቅን ይላል።

የምንኖረው ኔታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር ነው። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። በፈረንጆቹ 1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ስኳር በሽታ አለባቸው። የትምህርት ቤት ስሜ ሺራ ነው፤ አባባ ግን ትርጉሙን ጠይቀው ከተረዱ ወዲህ ዝማሬ ነው የሚሉኝ።

አንድ ቀን የሰፈራችን ማትናስ፣ ያው የወጣቱም የሽማግሌውም መሰብሰቢያ፣ አማርኛና ዕብራይስጥ የሚችሉ ልጆች ይፈለጋሉ ብሎ ለጠፈ። ለዶክትሬት የሚማሩ ሰዎች ሽማግሌዎቻችንን ስለ ምግባቸው ሊጠይቁ ይመጣሉ ተባለ። ሮጬ ተመዘገብኩ። አባባንም ራሴ አስመዘገብኳቸው።

የመጡት ሁለት ናቸው። ኖጋ የተማረችው ስለ ዕፅዋት ነው፤ ዮአቭ ደግሞ ሐኪም ነው። ሁለቱም የሚማሩት ከዕፅዋት የሚገኝ ምግብ ለሰው ጤና ምን እንደሚያደርግ በሚያጠና አንድ የዶክትሬት ሥልጠና ውስጥ ነው። ደንባቸው ደስ ይላል፤ እያንዳንዱ ከገዛ ትምህርቱ ወጥቶ የሌላውን ሥራ መሥራት አለበት።

"እሱ ላቦራቶሪ ገብቶ ቅጠል ያጥባል፣ እኔ ደግሞ ሰው እጠይቃለሁ" አለችኝ ኖጋ። "ቅጠል አያፍርም። ሰው ነው ከባዱ።"

ሳቅሁ። ስለ እኔ እየተናገረች እንደሆነ በምን ልወቅ!

ሥራዬ ቀላል ነበር። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባን ትናንት የበሉትን እጠይቅና በዕብራይስጥ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኖጋም አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አባባ ለሰንበት የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ።

"አባባ፣ ትናንት ምን በሉ?"

"የተሰጠኝን።"

"ስሙን ይንገሩኝ እንጂ።"

"ሰው ፊት የበላሁትን ልቆጥር? ሆዳም ነው እንዲሉኝ?"

"ለትምህርት ነው እኮ።"

"ለትምህርት ከሆነ እሺ።" ኮታቸውን አስተካከሉ። "ጠዋት ቂጣ በተልባ። ማታ ሳማ።"

ሳማው ዝናብ ሲጥል ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ይበቅላል። አባባ እጃቸው ላይ ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት አጥልቀው ይለቅሙታል። ቀቅለው፣ አማስለው፣ ሽሮ ነስንሰው ይበሉታል። አያቴ ካረፈች ወዲህ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ወንድ ልጅ ወጥ ሲያማስል መታየት ስለሚከብዳቸው በሩን ይዘጋሉ።

ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት፣ ሕንፃችን ውስጥ የምትኖረው የክፍሌ ልጅ ሊሮን በመስኮቷ አይታቸው ነበር። በማግስቱ በክፍሉ ሁሉ ፊት "አያትሽ ሣር የሚያጭዱት ለማን ነው? ፍየል አላችሁ እንዴ?" አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ስለዚህ አባባ "ሳማ" ሲሉ እኔ ለኖጋ "ቴሬድ" አልኳት። ቴሬድ በገበያ የሚሸጠው ስፒናች ነው፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ይበላዋል። ቂጣ በተልባውንም ዳቦ በአይብ አደረግሁት። ኖጋ ጻፈች። አባባ እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ።

ከዚያ በኋላማ ለመደብኝ። ለየጠዋቱ ኮርንፍሌክስ፣ ያን በወተት የሚበላ የበቆሎ ቁርስ፣ ጻፍኩላቸው። አንድ ቀን ሽኒትዘል፣ በዳቦ ዱቄት የተጠበሰ ዶሮ ሁሉ ጻፍኩ፤ አባባ እኮ ሽኒትዘል ቀምሰው አያውቁም! በየቀኑ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

"ጻፍሽው?"

"ጻፍኩት።"

"እንዳልኩሽ?"

"እንዳሉኝ።"

"ጎሽ።"

አንድ ቀን ለጎረቤታችን ሲያወሩ ሰማኋቸው። "እዚህ አገር ከመጣሁ ሁሉም ሲያስተምረኝ ነው የኖረ፤ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ እንዴት እንደሚቀመጡ። አሁን ገና የሚጠይቀኝ ተማሪ መጣ። የምለውን ይጽፉታል" አሉ። ድምፃቸው የወጣት ነበር። እኔ ግን ደብተሩን አላስተካከልኩም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ማትናስ ጠሩን። ዮአቭ ደብተሬንና አባባ እንዲያየው የፈቀዱለትን የደም ምርመራ ጎን ለጎን ዘርግቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኖጋን በዕብራይስጥ አናገራት።

"ይሄ አልገጠመልኝም። በየቀኑ ኮርንፍሌክስ፣ በየቀኑ ነጭ ዳቦ፤ ስኳራቸው ግን ወርዷል። ሽማግሌው እውነቱን እየነገሩን አይደለም።"

"ምን አስዋሻቸው?" አለች ኖጋ።

"እኛን ደስ ለማሰኘት ይሆናል። ከጥናቱ እናውጣቸው።"

አባባ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኮቱ ያው እስከ አንገት ተቆልፏል።

"ምን አሉ፣ ዝማሬ?"

"ምንም" ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ከዚያ ያንን የላይኛውን ቁልፍ አየሁት፤ አንገታቸውን ይዞ ቀይ መስመር አውጥቶባቸዋል። ለዚህ ሰው ብለው ነው የቆለፉት፤ ይህ ሰው ደግሞ ውሸታም ብሎ ሊያሰናብታቸው ነው።

"እሳቸው አልዋሹም" አልኩ በዕብራይስጥ። "የዋሸሁት እኔ ነኝ።" ሳማውን፣ ተልባውን፣ ሊሮንንና ፍየሎቿን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ። ዮአቭ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ከዚያ ከባዱ ቀረ። "አባባ፣ ያሉኝን አልጻፍኩም።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ቴሬድን የማላውቀው መስሎሽ ነው? ገበያ የምሄደው እኔ አይደለሁ? ሲሸጥ አየዋለሁ። አንድ ቀን ግን ገዝቼው አላውቅም።"

አባባ ዕብራይስጥ መናገሩ ይከብዳቸዋል እንጂ ይሰማሉ። ዮአቭ ያለውንም ሰምተዋል።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሰው ፊት ላሳፍርሽ? በየቀኑ እኮ 'እንዳልኩሽ ጻፍሽው?' ብዬሻለሁ። ከራስሽ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቅሁ።"

እኔ በእሳቸው አፍሬ ዋሸሁ። እሳቸው ደግሞ እኔ እንዳላፍር ውሸታም መባሉን ተሸክመው ወደ ቤት ሊሄዱ ነበር። አባባ ያሉትን ለኖጋና ለዮአቭ እያለቀስኩ፣ አንድም ቃል ሳልቀይር አስተረጎምኩላቸው።

ዮአቭ ተነሥቶ አባባን በሁለት እጁ ጨብጦ ይቅርታ ጠየቃቸው። ኖጋ ደብተሩን ትቀደዋለች ስል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ይሄም ያስፈልገናል" አለችኝ። "ሰው ምግቡን ለምን እንደሚደብቅ ከዚህ የበለጠ የሚነግረኝ የለም። ግን ሁለተኛ ደብተር ትጽፊልኛለሽ።"

"ስኳራቸውን ያወረደው ሳማው ነው ማለት ነው?" አልኩ ተስፋ አድርጌ።

"አላውቅም" አለ ዮአቭ። "መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ በእግር መሄዳቸው ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነው የምንማረው። የምንመኘውን ከጻፍን ግን መቼም አናውቀውም።"

ኖጋ ቦታውን ማየት ፈለገች። አባባ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወደ ሕንፃችን ጀርባ ሄድን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ዮአቭ ዘሎ አንዱን ቅጠል ያዘና "አይይ!" ብሎ ጮኸ። ኖጋ አያያዙን ልታሳየው ብላ እሷም ተለበለበች።

"እናንተ ናችሁ ዶክተር ልትሆኑ?" አሉ አባባ እየሳቁ። "ከታች ወደ ላይ ነው የሚያዝ፤ ሳትፈሩ። የሚፈራውን ነው የሚለበልብ።" ከኮታቸው ኪስ ከረጢታቸውን አውጥተው ዮአቭ እጅ ላይ አጠለቁለት።

መስኮት ተከፈተ። ሊሮን ናት። "ሺራ! ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ፍየሎቹን እያበላን ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "ሁለቱም ዶክተር ሊሆኑ ነው!"

ዮአቭ ፍየሎቹ እነሱ መሆናቸው አልገባውም። ኖጋ ግን ሳቋ እንባዋን አወጣው።

በሁለተኛው ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ ኖጋ "ሳማ" የሚለውን በአማርኛ ፊደል እንድጽፈው ጠየቀችኝ። ፊደሉን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ግን ከስሜ ሌላ ምንም ጽፌበት አላውቅም ነበር። አሁን ይኸው፣ ይህን ሁሉ ገጽ ጻፍኩበት! ስጨርስ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ስለ አባባ ሲጠይቁኝም አሁን አንገቴን አልደፋም።

ትናንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ግን ከረጢቱ ሰማያዊ አልነበረም። ነጭ ነው።"

"አባባ፣ ለዚህ ጽሑፍ ምን ለውጥ አለው?"

"እንዳልኩሽ ጻፊው።"

ተመልሼ "ሰማያዊ" የሚለውን ሰረዝኩና "ነጭ" ብዬ ጻፍኩ።