ሳንጣላ ሦስት ጊዜ ታረቅን

እኔና ባለቤቴ ተክሉ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ታርቀናል። ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቀን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን። አንድም ቀን ግን አልተጣላንም። ሳቁ፣ ይሳቃል፤ እኔም ስቄ አላበቃሁም። ያኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጥዬው ልሄድ ሻንጣዬን ሞልቼ በር አጠገብ አቁሜ ነበር።

መጀመሪያ ተክሉ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ። ቶሮንቶ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ከሬዲዮ ጋር ይከራከራል፤ ሬዲዮው ዘፈን ሲያሰማ እንኳ ይከራከራል። ፍሌሚንግደን ፓርክ ያለንበት ሕንፃ ኤለቬተሩ በተበላሸ ቁጥር ከአሥራ አራተኛ ፎቅ እስከ ታች በር እያንኳኳ ፊርማ የሚያሰባስብ እሱ ነው። የኤግሊንተን መንገድ ለባቡር ተቆፍሮ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብማ በቃ፣ የኑሮው ዋና ሥራ ሆነ። ጠዋት ተነስቶ ይረግመዋል፣ እራት ላይ ይረግመዋል፤ የሰው ሠርግ ላይ ማይክ ሰጥተውት ሙሽሮቹን ትቶ ስለ ኤግሊንተን ተናግሯል። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ "ኧረ ተክሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በል" እያልኩ ኖርኩ። ምነው አፌን በቆረጠው።

ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታው። ትንሽ ናት አሉን። በአሥር ቀን ከሆስፒታል ወጣ፤ እጁ ይሠራል፣ እግሩ ይሄዳል፣ ምላሱ አልተያዘም፣ የሁላችንንም ስም ያውቃል። እልል ብዬ ተቀበልኩት። ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እዚያው ቀረ።

ምግብ ካቀረብኩለት ይበላል፤ ካላቀረብኩለት አይጠይቅም። ቴሌቪዥኑ የተከፈተበትን ቻናል ያያል። አንድ ቅዳሜ ሰዎች በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ የሚጠርጉበትን ጨዋታ አራት ሰዓት ሙሉ አየ። ማን አሸነፈ ብለው "እንጃ" አለኝ። አዝነሃል? አይ። አሞሃል? አይ። ተቀይመኸኛል? አይ። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም። ቆሽቴ አረረ። ሆን ብዬ ሽሮውን አሳረርኩት፤ በላው። ወንድሙን ሰደብኩበት፤ "ልክ ነሽ" አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ያቺን "ልክ ነሽ" ስጠብቅ ኖሬ፣ ስትመጣ ምንም አልጣመችኝም።

የኤግሊንተኑ ባቡር በቃ ሊጀምር ነው ተብሎ በዜና የተነገረ ቀንማ ከኩሽና ሮጬ መጣሁ፤ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይፈነዳል ብዬ። ተክሉ ቴሌቪዥኑን አየት አደረገና "ጥሩ" አለ። ጥሩ ብቻ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ልቤን የሰበረው ግን የእኔ ሳል ነው። ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን አጠገቡ ስስል "ምነው" አላለኝም። ድሮ አንዴ ካነጠስኩ ይማርሽ ብሎ፣ ዝንጅብል አፍልቶ፣ የካናዳን ብርድ ረግሞ የማያበቃ ሰው። በቃ፣ ይሄ ሰው ፍቅሩ አልቋል አልኩ። ኦታዋ ያለችውን ልጃችንን ሩቲን ኮል አድርጌ መምጣቴ ነው አልኳት። "እማዬ፣ ትንሽ ታገሺ" አለችኝ፤ እኔ ሻንጣዬን ሞልቼ መኝታ ቤቱ በር አጠገብ አቆምኩት። ተክሉ ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር በጎኑ ዞሮ ያልፋል። የት ልትሄጂ ነው አላለም።

ለአንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ብቻ ነገርኳት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ተክሉ ሚስቱን አኩርፎ ሦስት ወር እንዳላናገራት ቶሮንቶ በሙሉ ካወቀ በኋላ እኔ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ዝም ያለ ባል አይታመምም፤ ያኮርፋል እንጂ። ለኩርፊያ ደግሞ መድኃኒቱ ሽማግሌ ነው። ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከብሉር እስከ ስካርቦሮ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፣ አንድም እርቅ ከሽፎባቸው አያውቅም። ይሄን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ኢሳያስ፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂ። ሦስተኛው ፋሩቅ፣ ከተክሉ ጋር አንድ ታክሲ በሺፍት ይነዱ የነበረ የወሎ ሰው።

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ልጄ ተክሉ፣ ምን በደለችህ አሉት። ምንም አለ። ሦስቱም ተያዩ። ባል "ምንም" ካለ በሆዱ የያዘው ብዙ ነው ማለት ነው። ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተመረመርኩ፤ ያረረው ሽሮ እንኳ ወጣ። በመጨረሻ በል ተነስና ይቅር በላት አሉት። ተክሉ ብድግ ብሎ ይቅር ብዬሻለሁ አለ። ሳማት አሉት፤ ሳመኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ይቅር ተባልኩ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሲወጡ እንዲህ ያለ ቅን ባል ይዘሽ ምነው ልጄ ብለው በር ላይ ገሠጹኝ። በነጋታው ተክሉ ሶፋው ላይ ነው።

በሳምንቱ ደግሞ መጡ፤ እርቁ አልጠበቀም ተባለ። አሁን ተራው የእሱ ነው፣ እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቀኝ ተብሎ ተወሰነ። ወደቀ። "በቃ ተነስ" የሚለው ሰው እስኪገኝም እዚያው ቀረ፤ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ምርቃት ጀምረው ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ሲመርቁ አያሳጥሩም። ጫማዬ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ከእኛ ጋር አሜን ይላል።

በሦስተኛው ሳምንትም መጥተው አሳሳሙን፣ መረቁን። ሻይ ስንጠጣ ፋሩቅ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተክሉን አተኩሮ ሲያየው ቆየ። እስቲ ጋሼ አንዴ ይፍቀዱልኝ አለና ተክሉን ተነስ አለው። ተነሳ። ተቀመጥ፤ ተቀመጠ። መስኮቱን ክፈት፤ ከፈተው። ውጭ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነው። የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ባርኔጣ ከጉልበታቸው ተነስቶ ሶፋ ሥር ገባ። ዝጋው፤ ዘጋው።

"ያኮረፈ ሰው እሺ አይልም" አለ ፋሩቅ። "ይሄ ሰው አላኮረፈም። ሞተሪኖው ነው።"

መኪና ለማያውቅ ልንገር፤ ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን የሚያስነሳው ነው። እሱ ሲበላሽ ሞተሩ ደህና ነው፣ ባትሪው ደህና ነው፣ መብራቱም ይበራል፤ ቁልፉን ስታዞሩት ግን ዝም። ከኋላ ሰው ሲገፋት መኪናዋ ተነስታ ትሄዳለች። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ቁልፍ እያዞርኩ ስሳደብ ነበር። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ታዲያ እኔ ሦስት ጊዜ ያስታረቅኩት ማንን ነው?" አሉ።

ኢሳያስ ሳቁን መያዝ አቅቶት ኮሪደር ወጣ።

የአንጎል ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩለት፤ ለአፖይንትመንቱ አምስት ሆነን ሄድን። ዶክተሯ ሽማግሌዎቹን አይታ ቤተሰብ ናችሁ ወይ አለች፤ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ዳኞች ነን ብለው ወንበር ሳቡ። ተክሉንም እኔንም ብዙ ጠየቀችና የነገሩን ስም ነገረችን። አፓቲ ይባላል። ከስትሮክ በኋላ ይመጣል፣ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ላይም፣ የመርሳት በሽታ ያለበትም ላይ ይመጣል አለች። ድብርት ነው እንዴ አልኳት። ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜ አለ፣ እሱንም እንከታተላለን፤ ግን የተደበረ ሰው ያዝናል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ ባልሽ ይሄ የለበትም፤ እሱ ላይ የተጎዳው ሐሳቡን ወደ ሥራ የሚያስነሳው የአንጎሉ ክፍል ነው አለችኝ። ስንፍናም ንቀትም አይደለም። ፋሩቅ በክርኑ ጎሰመኝ፤ ሞተሪኖ አላልኩም?

ዋጥ አድርጎ የሚድንበት ክኒን የለኝም አለች። ቀኑን በሰዓት ከፋፍሉለት፣ ነገሩን ጀምሩለት። ምን ትፈልጋለህ ብላችሁ ሰፊ ጥያቄ አትጠይቁት፤ ሁለት ነገር አቅርቡለትና ይምረጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው በሽተኛው ሳይሆን አብሮት የሚኖረው ነው ስትለኝ፣ ያን ሁሉ ስድቤን አስታወስኩና እዚያው ተነፋረቅሁ። ለመሆኑ ይወደኛል ወይ አልኳት። የአንጎል ሐኪም ናት እኮ፤ እኔ ግን ጠየቅኳት።

"እሱን ጠይቂው" አለችኝ።

ፈራሁ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፤ አልጠየቅኩትም። ሻንጣውም ከበሩ አልተነሳም።

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ እንደሆኑ ተሸንፈው የሚተኙ ሰው አይደሉም። ሽምግልናውን ወደ ፕሮግራም ቀየሩት። ሰኞ ኢሳያስ አውቶቡሱ ላይ ጭኖት ደርሶ መልስ ይወስደዋል። ረቡዕ ፋሩቅ በመኪናው ያዞረዋል። ዓርብ ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና ጫማ አድርግ፣ ኮት ልበስ፣ ወጣን ይሉታል። ትእዛዝ እንዲህ የተመቸው አዛዥ አላየሁም።

ባለፈው ረቡዕ ፋሩቅ በኤግሊንተን ይዞት ሲያልፍ፣ ይሄን መንገድ ያበላሹት ቆፋሪዎቹ ናቸው ወይስ ያስቆፈሯቸው አለው። ተክሉ "ሁለቱም" አለና ሞተሩ ተነሳ። እስከ ቤት ሲራገም መጣ። ፋሩቅ መኪናው ውስጥ ሆኖ ደውሎ አሰማኝ፤ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፣ ጎረቤት ግድግዳ መታ። ቤት ሲገባ ግን ዝም፤ ሶፋው ላይ። እንዲህ ነው፣ አንዳንድ ቀን ይነሳል፣ አንዳንድ ቀን ቢገፉትም እምቢ።

እኔን ግን ያ እርግማን ድፍረት ሰጠኝ። ሻንጣውን እየጎተትኩ አምጥቼ ፊቱ አቆምኩት፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ዶክተሯ እንዳለችው ሁለት ነገር አቀረብኩለት።

"ተክልዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ?"

"ቆዪ" አለ። ትንሽ እንኳ አላሰበም።

ደስ ብሎኝ ተናደድኩ። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ሻንጣ ጎን ስታልፍ ልሄድ እንደሆነ አልገባህም ወይ ብዬ ጮኽኩበት። ገብቶኛል አለ። ታዲያ ለምን ቆዪ አላልከኝም?

"አልጠየቅሽኝማ።"

ሳቄ መጣ። አጠገቡ ሶፋው ላይ ወድቄ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ፣ እንባዬም አብሮ ወረደ፤ እሱም አይቶኝ ፈገግ አለ። በኋላ በል ሻንጣውን መኝታ ቤት አስገባና ክፈተው አልኩት። ብድግ ብሎ አስገባው። እኔ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ። ስመለስ ቁምሳጥኑ ተከፍቷል፤ ቀሚሶቼን አንድ በአንድ እየሰቀለ ነው። ስቀላቸው አላልኩትም።