ትልቁን ቀዳዳ የቻለች ጀልባ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ኢንጂነር ስመኝ ጠረጴዛዬ ላይ የጀልባ ንድፍ ዘረጋችልኝ። ከዚያ በፊት ስሠራ የኖርኩት የመስኖ ቦይ ነው።

"ይቺ ሐይቅ ላይ ተሳላሚ ታመላልሳለች። ብትቀደድ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ታሳየኛለህ" አለችኝ።

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ስለ ጀልባ! በሕይወቴ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሥራ እፈልግ ስለነበር እሺ አልኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጀልባዋን ሆድ በክፍል በክፍል ትለያለህ። የየክፍሉን ስፋትና ከፍታ፣ የየበሩን መጠን ታስገባለህ። ከዚያ ጎኗን ትቀድዳለህ፤ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ስንት ውሃ እንደገባና ጀልባዋ ምን ያህል እንደዘመመች ያሰላል። አንዱ ሙከራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መብራት ከጠፋ ከሀ ትጀምራለህ።

መጀመሪያ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ሰጠኋት። ከተሳፋሪው ወለል በታች ያለው ሰፊ የዕቃ ክፍል ወዲያው እስከ ጣሪያው ሞላ። ጀልባዋ ዝቅ አለች፤ ትንሽ ዘመም ብላ ተመልሳ ቀጥ አለች። ደስ አለኝ። የጀልባዋ ባለቤት ጋሽ ጌትነት ሲደውሉ "ትልቁን ከቻለች ትንሹ ምን ያደርጋታል?" አልኳቸው። ምን አስቸኮለኝ?

ለወጉ ያህል ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ ሞከርኩ። ተገለበጠች።

ተሳስቻለሁ ብዬ ቁጥሩን ሁሉ እንደገና አስገባሁ። ተገለበጠች። ቀዳዳውን አሰፋሁት፤ ቆመች። አጠበብኩት፤ ተገለበጠች። ጭንቅላቴ ዞረ። በዚያ ሰሞን ሚስቴ ስታዋራኝ እንኳ የምትለው አይገባኝም ነበር።

"ብዙ ውሃ ያድናታል፣ ጥቂት ውሃ ይገለብጣታል ብዬ ለደንበኛ ልንገር? ሰው ምን ይለናል?" አለች ስመኝ።

"እኔም አልገባኝም።"

"እንግዲያው የትልቁን ፈርምና እንላከው። ተሳላሚው የሚሄድበት በዓል ደርሷል።"

አልፈረምኩም።

ቅዳሜ ከዘመዴ ከአያ ምትኩ ጋር ለማኅበር ጠላ በበቅሎ ጭነን ወደ ዲማ ወጣን። በግራና በቀኝ የተጫኑት ሁለት ጀሪካኖች እስከ አፋቸው ሙሉ ነበሩ። እኛ ዘንድ ጠላ ጭኖ መንገደኛ ሳያቀምሱ ማለፍ ነውር ነው። ላገኘነው ሁሉ ስንቀዳ ጀሪካኖቹ ጎደሉ። ዳገቱን ደልደል ብላ የወጣች በቅሎ ቁልቁለቱ ላይ ትንገዳገድ ጀመር። ጠላው ወዲያና ወዲህ በተላጋ ቁጥር እሷም አብራው ታዘነብላለች። መጨረሻ ላይ በጎኗ ወደቀች።

"ጎደሎ ጭነት እንስሳ ይጥላል። ነውሩን ፈርተን እንጂ እኔስ አላጣሁትም" አለ አያ ምትኩ ጭነቱን እየፈታ። "አንተ ግን ይህን እንኳ ሳታውቅ ነው የውሃ መሐንዲስ የተባልከው?"

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የትንሹን ቀዳዳ ሙከራ ሰከንድ በሰከንድ አየሁት። ውሃው በሰፊው ወለል ላይ ስስ ሆኖ ብዙ ይቆያል። ጀልባዋ ትንሽ ዘመም ስትል ሁሉም ወደዚያው ጎን ይሮጥና የባሰ ያዘምማታል። ክፍሉ ቶሎ ከሞላ ግን የሚላጋበት ቦታ የለውም። ይህን ያህል ገባኝ፤ የቀረው ስሌት ዛሬም አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ወዲያው ለጋሽ ጌትነት ደወልኩ። "ጋሼ፣ ያን ቀን ያልኩዎት ስህተት ነው። የሚገለብጣት ትንሹ ነው።"

"ነጂው ልጄ ነው" አሉ። "ትናንት ድንጋይ ጎኗን ጫር አድርጓታል። ትንሽ ውሃ ታስገባለች ሲለኝ፣ መሐንዲሱ ትንሹ ምንም አያደርጋት ብሏል ብዬው ዛሬ ሰው ጭኖ ወጣ።"

ለልጃቸው ሊደውሉ ስልኩን ዘጉት። ስመኝ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከቀትር በኋላ ጋሽ ጌትነት መልሰው ደወሉ። ልጃቸው ጥሪውን ሰምቶ ቅርብ ዳርቻ ደርሷል፤ ሰዉ ሁሉ ወርዷል።

"ውሃው ስንት ደርሶ ነበር?" አልኳቸው።

"ቁርጭምጭሚት። ግን ዘምማ ነበር የደረሰችው።"

ከዚያ በኋላ ሰፊው ክፍል መሃሉ ላይ በግድግዳ ተከፈለ። ትንሹንም ትልቁንም ቀዳዳ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ስትችል አይቼ ፈረምኩ።

ትልቅ ጉዳት ስለ ትንሽ ጉዳት ምንም አይነግርህም። ያልሞከርከውን ሲጠይቁህ "አልሞከርኩትም" በል።