የቡታ ቶየር ድምፅና ሦስቱ ጊጋ

ወንድሜ ቡታ ቶየር እምቢ ማለት አያውቅም። ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴት ያለ ደግ ነው!» ይላል። አብሮት ስላልኖረ ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ሙሪዳ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አብሬው የኖርኩት፣ ደግነቱ ስንት ጊዜ እንዳንጨረጨረኝ አውቃለሁ።

ልብስ ሰፊ ነው። እዚህ ኬፕታውን፣ ቦካፕ ሠፈር ውስጥ ያልሰፋለት ሙሽራ የለም። ስሙ የገነነው ግን በመርፌው ሳይሆን በጉሮሮው ነው። የሠፈራችን የወንዶች የዘፈን ቡድን ለውድድር ሲወጣ መሪ ድምፁ እሱ ነበር፤ አንዲት ቃል ላይ ድምፁን አሥር ጊዜ ያጠማዝዘውና አለስልሶ ያወርደዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚናገረው።

ዘንድሮ መሪ ድምፅ የሆነው ሪድዋን ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ፊት ቆሞ ሲዘፍን የመጀመሪያው። ቡታ የራሱን የድሮ ዘፈን ሰጠው። ግን ያንን ጥምዝምዝ በሹክሹክታ እንዴት ያሳየው? በእጁ አየር ላይ ሳለለት፣ በጠመኔ ጨርቅ ላይ ሳለለት፤ አልሆነም። በ1974 የተቀረጸ አንድ ፊልም ብቻ ነበር፤ እሱም አውስትራሊያ፣ ፐርዝ፣ የሟች ወንድማችን ሚስት ቤት። ልጇ ኢግሻን የዚያን ሌሊት ዘፈን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦታል። ሁለት ጊጋ።

ጎረቤታችን ፋይክ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። እሱን ጠራሁት።

«ቲቲ፣ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አለ» አለኝ፤ እኛ ጋ ታላቅ ወንድ ቡታ፣ ታላቅ ሴት ቲቲ ትባላለች። «አንደኛው ቀጥታ ከኢግሻን ያመጣልሻል። መስመር ከተቋረጠ ግን ከዜሮ ይጀምራል።»

«የእኛ በቀን አራቴ ነው የሚቋረጠው።»

«እንግዲያው ሁለተኛው ይሻልሻል። ፋይሉን ቆራርጦ ካለው ሰው ሁሉ እየለቀመ ያመጣል፣ ካቆመበትም ይቀጥላል። ብቻ አንቺም የደረሰሽን ለሌላው እየሰጠሽ ነው።»

«ለማን ነው የምሰጠው?»

ለካ ኢግሻን ፋይሉን ከኬፕታውን ወጥተው ቶሮንቶና ሲድኒ የሚኖሩ ሰዎች የሚገናኙበት ገጽ ላይ ለጥፎታል። አርባ ሰው ተሰልፏል። ፋይክ የሚወጣውን መጠን የሚቀንሱበትን ቦታ ሊያሳየን ሲል ቡታ እጁን ያዘው።

«ተወው። እየወሰድኩባቸው ልዝጋ? ነውር አይደለም?»

እኛ ሠፈር እሁድ ጠዋት ኩሲስተር የሚባለው ጣፋጭ ቦንቦሊኖ በሳህን ከጎረቤት ከመጣ ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢጠፋ ስኳር ይደረግበታል። ቡታ ኢንተርኔቱንም ያየው በዚያው ዓይን ነው።

እኔ ግን ውሌን ፈራሁ። የተፈቀደልኝ በወር ሦስት ጊጋ ነው፤ ካለቀ ወሩ እስኪያልቅ ይዘጋል። ኢግሻን ጋ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? የሚቆጠረው የሚገባው ነው። የሚወጣውን ማን ይቆጥራል?» አለኝ። በነጋታው ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ወደ ማዕድን ሥራው ሄደ፤ ሁለት ሳምንት ስልክ የማይገባበት በረሃ።

ቡታ ስፌቱን ትቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተጎለተ። «ከመቶ ሃምሳ ሆነ» ይለኛል፣ «ሃምሳ ሁለት ሆነ።» ሪድዋን ከሥራ ሲወጣ ከነዩኒፎርሙ ይመጣና ቆሞ ያያል። «ቡታ፣ ድምፅህ ከእኔ አውቶቡስ ባሰ፤ የማይቆምበት ፌርማታ የለም» ይላል። ይስቃል፣ ግን ጥፍሩን እየበላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት መስመሩ ተዘጋ። ውድድሩ ቅዳሜ ነው።

ሻሼን እንኳ በወጉ ሳላስር ኩባንያው ቢሮ ደረስኩ።

«እማማ፣ ሦስቱን ጊጋ ጨርሰዋል» አለኝ ጸሐፊው።

«የገባልኝ አንድ ከምናምን ነው!»

«ገቢ አንድ ነጥብ አንድ፣ ወጪ አንድ ነጥብ ዘጠኝ። እኛ ጋ ሁለቱም ይቆጠራል። ውሉ ላይ ተጽፏል።»

የተጻፈውን በመነጽሬም አላየሁትም፣ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ፐርዝ የማይቆጠረው እኛ ጋ እንደሚቆጠር በምን ልወቅ?

«ተጨማሪ ሽጡልኝ።»

«በዚህ ውል ተጨማሪ የለም። በወሩ መጀመሪያ ይከፈታል።»

«ቅዳሜ ነው የምፈልገው!»

«የሚመጣው ሳምንትም ቅዳሜ አለው» አለና ፈገግ አለ። ውሉን ጨምድጄ ፊቱ ወረወርኩለት። እጄን ከዚያ በላይ ያምረው ነበር።

የመጣው ቁርጥራጭ ከየቦታው የተለቀመ ስለሆነ አልከፈት አለ። የፋይክ ትምህርት ቤትም ኢንተርኔት ካፌውም እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከልክለዋል። ካፌው ገብቼ ኢግሻን የለጠፈበት ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ «የዘፋኙ እህት ነኝ። የእሱን ዘፈን ብቻ ቆርጣችሁ በኢሜይል ላኩልኝ። ቅዳሜ ሳይደርስ።» በማግስቱ ተመልሼ አየሁ። «ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነው!» «አስለቀሰኝ!» «ሹክረን፣ ቶሎ ነው የወረደልን!» ቶሎ የወረደላቸው በእኔ ጊጋ ነው! አንዱ ብቻ ለጥያቄዬ መለሰ፤ መንገድ ላይ ነኝ፣ እሁድ እልካለሁ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ሪድዋን ዘፈነ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ጥምዝምዙ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ቃሏን ሜዳ አድርጎ አለፋት። ተጨበጨበለት፣ እንደ ነገሩ። መጥቶ ከፊታችን ተቀመጠ።

ቀጥሎ የዉድስቶክ ሠፈር ቡድን ወጣ። መሪው አድናን ይባላል፤ ከተማ ውስጥ ገደብ የሌለው ኢንተርኔት ያለው መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ያንኑ ዘፈን ጀመረ። የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ድምፁ ተጠማዘዘ። የቡታ ነው። ከትንፋሽ አወሳሰዱ ጀምሮ አንድም ሳይቀር የቡታ። ለካ ከአርባዎቹ አንዱ እሱ ኖሯል።

ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይጠማዘዛሉ፤ ፊቱ በርቷል። ጉሮሮው ከተነካ ወዲህ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ኩባንያውንም፣ ኢግሻንንም፣ አርባዎቹንም ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ ያንን ደስታውን ግን አልቻልኩም።

«ሙሪዳ፣ ስሚው» አለኝ ክንዴን ይዞ። «እኔ ነኝ እኮ።»

ሪድዋን ሰምቷል። ፊቱን ሳያዞር «እኔስ ቡታ?» አለ።

የቡታ ጣቶች ቆሙ። ዓይኑን ገልጦ የሪድዋንን ጀርባ አየ፣ ጎንበስ ብሎም የሆነ ነገር መለሰለት። ግን አድናን ጨርሶ አዳራሹ በሙሉ እያጨበጨበ ተነሥቶ ስለነበር፣ ሹክሹክታው እንኳን ለሪድዋን አጠገቡ ላለሁት ለእኔም አልደረሰኝም።