በአንድ ብርድ ልብስ፣ እስኪነጋ

የአሶሳ ልጅ ነኝ፤ ብርድን በወሬ ነበር የማውቀው። ለማስተማር ወንበራ ወረዳ፣ ደብረ ዘይት የምትባል የደጋ ከተማ ስመደብ አንድ ቀጭን ሹራብ ብቻ ይዤ መሄዴን ሳስብ አሁንም በራሴ እናደዳለሁ። ኅዳር ሲገባ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ጠዋት ጠመኔ ስይዝ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም፤ ተማሪዎቹ ጋቢ ተከናንበው፣ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይስቁብኛል። ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሱሪ፣ በላዩ ቀሚስ፤ ማማር የሚባል ነገር ድሮ ቀረ። ሲብስ ደግሞ ብርዱ ራሱ አይሰማም። ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲያወራኝ እንኳ ከሩቅ ነበር የምሰማው።

አብራኝ የምትኖረው መምህርት የሆሞሻ ልጅ ናት፤ ከእኔ የባሰች ቆለኛ። ለየብቻ መተኛቱን ስላልቻልነው አልጋዎቻችንን አጋጥመን፣ ሁለቱን ብርድ ልብሶች ደርበን አንድ ላይ እንተኛ ነበር። አማርኛን ትምህርት ቤት ስለለመደችው ሴትና ወንድ አትለይም፤ እኔን ሴቷን ሁልጊዜ «አንተ» ነው የምትለኝ። ለምጄዋለሁ።

ያን ሰሞን ተኳርፈን ነበር። ነገሩ የመስኮት ነው። ከሰል ስናቀጣጥል እኔ ጭሱ ይገድለናል ብዬ እከፍታለሁ፣ እሷ ብርዱ ይቀድማል ብላ ትዘጋለች። ከፈትኩ፣ ዘጋች፤ ከፈትኩ፣ ዘጋች። በመጨረሻ እኔ ጮኽኩ፣ እሷ ዝም አለች። ሳምንት አለፈው። ግን ኩርፊያው ቀን ቀን ብቻ ነው፤ ማታ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀን እንተኛለን። ኩርፊያ እኮ የሚያምረው ለብቻው የሚበቃ ብርድ ልብስ ላለው ሰው ነው!

አንድ ቀን ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ወደ ቢሮ ጀርባ ጠሩኝ።

«የጓደኛሽ እናት አርፈዋል፤ ወንድሟ አሁን ደወለ» አሉኝ። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ለቀብር አትደርስም። ነገ ጎህ ሲቀድ መምህራኑን ይዤ እመጣና መርዶውን እንነግራታለን፤ ለለቅሶ የሚወስዳት መኪናም ተገኝቷል። እስከዚያ እንዳትሰማ፣ አደራ።»

«አንነጋገርም እኮ» አልኳቸው።

«እሰየው፣ ይቀልልሻል» አሉ።

ማልቀስ ይገባኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ወደ ቤት ስሄድ የማስበው መብራት ስለጠፋ ስልኳ መዘጋቱን ብቻ ነበር። ተመስገን አልኩ፤ ያን ያህል ደንዝዤ ነበር።

ስገባ ከሰሉን አቀጣጥላ፣ መስኮቱን ራሷ ከፍታዋለች።

«ይኸው ያንተ መስኮት» አለችኝ። «በቃ፣ ኩርፊያ ይብቃ፤ ወላሂ ደከመኝ። እናቴ ብትሰማ እኔን ነው የምትቆጣው።»

«እሺ» አልኩ። ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ለእረፍት ሆሞሻ አብረን እንሄዳለን አለች። «እዚያ ውጭ ነው የምንተኛው። እናቴ ጎን ትተኛለህ። ካልሲ ምን እንደሆነ ትረሳለህ!» ሳቀች። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ስንተኛ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ የበረዱ እግሮቿን እግሮቼ መሃል ሰካቻቸውና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ልቀስቅሳት? መርዶ ማታ አይነገርም፤ ሰው ሌሊቱን ብቻውን እንዳያለቅስ ነው። እሷ ግን ብቻዋን አልነበረችም። ይህን ደጋግሜ አሰብኩ፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም። በልቤ ራሴን ሰደብኩ፣ ስድቡም አላሞቀኝም።

ንጋት ላይ ቀድሜያት ተነሳሁ። ለሶላት የምትታጠበው ሁልጊዜ ውጭ ባደረ የጀሪካን ውሃ ነው፤ አንዳንዴ ላዩ ላይ የያዘውን ስስ በረዶ ሰብራ። ሌላ የማደርግላት ነገር ስለጠፋኝ ውሃ አሞቅሁላት።

«አይ አንተ! ዛሬ ምን ሆነሃል?» አለች እጇን እንደነከረች። ፊቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን ሳትቸኩል ታጠበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አላህ እናትህን ያኑርልህ» አለችኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ።

ሰግዳ እንደጨረሰች የግቢው በር ተንኳኳ። መምህራኑ ጋቢ ተከናንበው ተከታትለው ገቡ። ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት እያዩ ነገሯት። ጩኸት ጠብቀን ነበር፤ ሁለት ሴቶች ሊደግፏት ተጠግተዋል። እሷ ግን ሁሉንም ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«ውሃውን ለዚህ ነው ያሞቅከው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ማታም ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው።

«ቀዝቃዛው ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።