ማማሰያ የተነፈጋቸው እጆች

እትዬ ማንጠግቦሽ ማረፋቸውን የሰማችሁ ሰምታችኋል። ያልሰማችሁ፣ በተለይም በዓረብ አገር በየሰው ወጥ ቤት ቆማችሁ ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ እርማችሁን አውጡ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እናንተን አስተምረው በሸኙበት በዚያው ቤት፣ ጥቂት ታመው ዐርፈዋል። ቀብራቸውም በደብራችን በክብር ተፈጽሟል። በክብር ያልኩት ስለ ካህናቱ ነው። ስለ እኛ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ግን የምለው አለኝ። ስለ ሙት ክፉ አይወራም ይባላል፤ እኔም አላወራም። የማወራው ስለ ቋሚው ነው።

እናኑ እባላለሁ፤ የእርሳቸው ተማሪ ነበርኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ባላቸው በሞቱ ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ። ጎጆው ሲጎድልባቸው ዓረብ አገር ሄደው በአንድ ቤት ብዙ ዓመት አገለገሉ። ሲመለሱ ይዘውት የመጡት የእብነ በረድ ወለል ሲወለውሉ ያለቀ ጉልበት፣ የዓረብኛ ቋንቋና ብዙ የወጥ ቤት ሙያ ነበር። በመጡ በሳምንቱ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ሁሉንም ተናገሩ። በዚያ ቤት የተሰጣቸውን ሥጋ በልተዋል፤ ሌላ የሚበላ አልነበረም። አባታችን ቀኖና ሰጧቸው፤ ፈጸሙ። ጸሎቱ ተደገመላቸው፣ ጠበል ተረጩ፣ ቆረቡ። በቤተ ክርስቲያን በኩል ነገሩ አለቀ።

በእድሩ ሴቶች በኩል ግን ያን ጊዜ ተጀመረ።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ሴቶቹ ሥራ ይከፋፈላሉ። ወጣቶቹ እንጨት ይሸከማሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፤ ከፍ ያሉት ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ አንጋፋዎቹ ድስቱ ዘንድ ቆመው ያማስላሉ። ማማሰያ መያዝ ማዕረግ ነው፤ ሴት በዕድሜዋ ከውኃው ወደ ሽንኩርቱ፣ ከሽንኩርቱ ወደ ድስቱ ታድጋለች። እትዬ ማንጠግቦሽ ከዓረብ አገር እንደተመለሱ ከወይራ የተጠረበ ማማሰያ አሠሩ። ከወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉትና ተራቸውን መጠበቅ ጀመሩ። ፀጉራቸው ሸበተ፤ ተራው አልደረሰም። እስከ መጨረሻው እንጨትና ውኃ ላይ ቀሩ። «የዓረብ ሥጋ የያዘ እጅ ድስታችን ውስጥ አይገባም» ተባለ። ማን አለ? ሁሉም አለ። ጮክ ብለው ያሉት ግን የእድሩ ሴቶች አለቃ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በሰው አገር እመቤታቸው ከማዕድ ለይታ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ብቻቸውን እንዲበሉ አድርጋቸዋለች። ይሁን፣ የሰው አገር ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልን የምንተርተው እኛ ግን በተወለዱበት መንደር ያንኑ አደረግንባቸው። ደግሞ ለነገሩ፣ ከሰፈራችን ልጁን ዓረብ አገር ያልላከ ቤት የታለ? የወይዘሮ ጥሩወርቅ ታላቅ ልጅ ያለችው የት ነው? የላከችው ቴሌቪዥን ሳሎን ተቀምጧል፣ የላከችው ብርድ ልብስ የጉናን ብርድ ይመክታል፤ ይህን ማንም ጠበል ይረጭ አላለም። የተጠየፍነው እጁን እንጂ እጁ ያመጣውን አይደለም።

ለመሄድ የቆረጡ ልጆች ከጉና ግርጌም ከእብናትም ይመጡባቸው ነበር። እርሳቸው ሁልጊዜ «አትሂዱ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሰሚ ሲያጡ ግን «እንግዲያው በራብ አትሙቱብኝ» ይሉና ያስተምራሉ። ሩዙ ሳይላቁጥ እንዴት እንደሚበስል፣ በጾም ቀን ለእመቤቲቱ ምን ብሎ መናገር እንደሚገባ፣ በሶውና ድርቆሹ በሻንጣ ውስጥ በምን እንደሚጠቀለል ያሳያሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ግን መብላት ነበር።

ትርንጎ ከጉና የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። ከማለዳ ጀምራ በእግሯ ወርዳለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። እትዬ ማንጠግቦሽ እንደ እመቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ በሰሃን ሩዝ አስቀረቡላት።

«ብዪ» አሏት።

«ኧረ በልቻለሁ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች አንገቷን ደፍታ፣ ጨዋ አሳደገኝ እንደሚል ሰው ሁሉ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ተነሥተው ሰሃኑን ወሰዱና ቡፌው ውስጥ ቆለፉበት። ትርንጎ «በሞቴ» እስክትባል ጠበቀች። ማንም አላላትም። እኛ ስንበላ ቁጭ ብላ አየችን። በመጨረሻ እንባዋ መውረድ ሲጀምር ሰሃኑን አውጥተው ከፊቷ አስቀመጡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«እኔን እኮ እንዲህ ሆኜ ነው ራብ የፈጀኝ» አሏት። «ብዪ ሲሉኝ በልቻለሁ እላለሁ። ደግመው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ሰሃኑን ያነሡታል። ክፋት እንዳይመስልሽ፤ በዚያ አገር በልቻለሁ ካልሽ በልተሻል ነው። በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚልሽ እዚህ ነው። እዚያ ሲሰጡሽ ብዪ። ሁለተኛ የሚለምንሽ የለም።»

ትርንጎ ያን ሩዝ ጠርጋ በላች። ሁላችንም ያለፍነው በዚያ ሰሃን ነው፤ እኔም ዓረብ አገር ሄጄ ሳልራብ የኖርኩት በዚያ ትምህርት ነው።

ለመጪውም እንደ ሂያጁ ነበሩ። ከደቡብ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከጎናቸው ቤት ተከራየ። ጠዋትም ማታም እንጀራ አልስማማው ብሎ ከስቶ ነበር። ሰፈሩ «እንጀራ የማይበላ ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያለ ሳቀበት። እርሳቸው በሩን አንኳኩተው «እናትህ ቤት ምን ነበር የምትበላው?» አሉት። ነገራቸው። የበቆሎ ዱቄት አድበልብለው ከጎመን ጋር ቀቅለው አመጡለት። የመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ልጁ እየሳቀ በላው። በሦስተኛው ጊዜ ዝም ብሎ በላና ዓይኑን ጠረገ። «የሰው አገር ሰው ሲመጣ ስሙን ከመጠየቃችሁ በፊት የሚበላውን ጠይቁት» ይሉን ነበር። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ያ መምህር ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁለተኛ ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ስሙ። እንግዳው ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ይመጣል ተባለ፤ የዘመኑ ምግብ ያስፈልጋል ተባለ። ወይዘሮዋ በጓሮ በር ገቡ።

«ማንጠግቦሽ፣ ያን በዘቢብ የሚሠራውን ሩዝ ሠርተሽ ላኪልኝ። ብቻ እንዳይሰማ።»

ሠሩላቸው። ድስቱን ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ እየደጋገመ በላ፤ ማን ሠራው ሲባል «ባለሙያ ከባሕር ዳር አስመጥተን ነው» ተባለ። ያን ሰዓት ባለሙያዋ ከዳሱ ኋላ ጀሪካን ተሸክመው ውኃ ያመላልሱ ነበር። ደሜ ፈልቶ፣

«አሁን ገብቼ ልናገርባቸው?» አልኳቸው።

«ተይ እናኑ፤ ሙሽራይቱ ምን አደረገች?» አሉኝ። ጀሪካኑን አውርደው ወገባቸውን ያዙ። «በልተውት የለም? አፋቸው ቢክድ ሆዳቸው ያውቀዋል።»

እርሳቸው እንዲህ ያሉ ደግ ነበሩ። እኔ አይደለሁም።

በታመሙ ጊዜ ከአጠገባቸው ነበርኩ። ዓይናቸው ከአልጋቸው ትይዩ ባለው በር በኩል ወጥ ቤቱን፣ ያን የተሰቀለ ማማሰያ ያያል። «አንድ ቀን ይዤው እቆማለሁ እል ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ለለቅሶዬ የመጣ ሰው ምግብ ሳይቀርብለት እንዳይሄድ፤ አደራ» አሉ። ሕይወታቸውን ሙሉ የተመኙት አንዲት የእድር ድስት ማማሰል ነበር፤ ያችን ነፈግናቸው።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት የእድሩ ሴቶች መጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። የወይራውን ማማሰያ ከግድግዳው አወረዱና ድስቱ ውስጥ ሊያስገቡት ሲሉ ደረስኩ።

«ያስቀምጡት» አልኳቸው።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉና ወደ ሴቶቹ ዞረው «ኀዘኑ ነው፣ አይፈረድባትም» አሉ።

«ኀዘኑ አይደለም። ዛሬ የጎደለው የእትዬ ማንጠግቦሽ ሥራ ነው። እንጨቱ ጓሮ ነው፤ ውኃው ከቦኖ ይቀዳል። እሱን ይያዙ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«እርሳቸውስ በስንት ዕድሜያቸው ነበር?»

ማማሰያውን ከእጃቸው ወሰድኩና ለትርንጎ ሰጠኋት። እሷም ከዓረብ አገር ከተመለሰች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ሌሎቹም ተመላሾች ገቡ፤ ሽንኩርቱንም ምስሩንም እኛው ያዝነው። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። የንስሐ አባታችን ማዕዱን ባርከው መጀመሪያ ቆረሱ፤ መምህሩም በላ፣ ጥቂቶችም በሉ። ከዚያ ትርንጎ ሰሃን ይዛ ወደ ፊተኛው ረድፍ ስትደርስ «በልተናል» ተባለች። ከማለዳ ጀምሮ ከእኛ ጋር የዋሉ፣ መቃብር ላይ የቆሙ ሰዎች የት እንደበሉ እግዜር ይወቀው። ከፊሉ እጃችንን ተጠይፎ፣ ከፊሉ ይሉኝታ ይዞት፣ «በልተናል»። በልማዳችን ጎንበስ ብላ «በሞቴ፣ ኧረ አፈር ስሆን» ማለት ነበረባት። አላለችም። ሰሃኑን አንሥታ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እንዲህ እያለች ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ ደረሰች።

«በልቻለሁ» አሉ።

ሰሃኑ ተነሣ። እጃቸው ትንሽ ተከተለውና ተመለሰ። አየሁት፤ ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፤ ይሁን። አደራም አልበላሁም፤ ለሁሉም ቀርቧል። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ እንጀራው በሌማቱ ላይ ነበር፤ ምስሩም ይሸት ነበር፤ የክብር እንግዶቻችን ግን ጦማቸውን ወደየቤታቸው ሄዱ።

እትዬ፣ እንግዲህ በሰላም ይሂዱ። ማማሰያዎ ወጥ ጠጥቶ ቀልቷል። ትርንጎ ዘንድ ነው፤ በሰፈሩ ለቅሶ በሆነ ቁጥር ይዘነው እንገባለን፤ የሚከለክለን ካለ ይሞክረን። አንቱ ግን አንገትዎን ደፍተው ኖረዋልና እሰጋለሁ። በዚያ በሄዱበት ከበሩ ቆመው እንጨትና ውኃው የት ነው ብለው እንዳይጠይቁ። ይግቡ ሲሉዎ ይግቡ፤ ከማዕዱ ይቀመጡ። ሲሰጡዎ ይብሉ፣ እንዳስተማሩን። አደራዎን እትዬ፣ «በልቻለሁ» እንዳይሉ።