ሁሉም አስቸኳይ የሆነበት የሸዋሮቢት መስመር

ኔትወርክ የሚንቀራፈፈው መስመሩ ስለጠበበ ነው ይባላል። አይደለም። የሚንቀራፈፈው «እርስዎ ይቆዩ» ማለት ስለምናፍር ነው።

የእህቴ ልጅ መቅደስ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ሸዋሮቢት ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤትን የኔትወርክ ማከፋፈያ፣ ስዊች የሚሉትን፣ እንድታስተካክል ስትላክ፣ ቆላውን ለማየት ተከተልኳት። ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣን። ደብረ ሲና ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ቆሎ ገዛን፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሹራባችን ጭናችን ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሽላ፣ ፓፓያ፣ ለባጃጅ መንገድ የማይለቅ አህያ።

ረፋድ ላይ፣ ግቢው ውስጥ

ጤና ጣቢያው የመሥሪያ ቤቱ ጎረቤት ነው፤ ስልኩም የሚሠራው በዚያው ኔትወርክ ነው። አዋላጇ ሲስተር ዘይነባ በር ላይ ጠበቀችን።

«ነፍሰ ጡር አስተኝቻለሁ፤ የደም ግፊቷ አልወርድ ብሏል። የሆስፒታሉ ዶክተር የመድኃኒቱን መጠን ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጣል። በግምት ልስጣት?»

«ስብሰባ አለ እንዴ?» አለች መቅደስ።

«ወላሂ፣ መች ጠፍቶ ያውቃል! በቴሌቪዥን ከበላይ አካል ጋር ይተያያሉ።»

ስዊች የሚያልፍበትን ዳታ በየዓይነቱ ለይቶ ተራ ያስይዛል፤ ማን እንደሚቀድም የሚነግረው ግን ሰው ነው። መቅደስ ገብታ ስታይ ሳቀች። የቀድሞው ባለሙያ የለመነውን ሁሉ «አስቸኳይ» አድርጎታል፤ የኃላፊው ስብሰባ አስቸኳይ፣ የገንዘብ ያዧ ዘፈን አስቸኳይ።

«ደግ ሰው ነበር» አለች። «ማንንም አላስከፋም።»

ኃላፊው ጋሽ ተሾመ ከስብሰባው ብቅ አሉ። «መጀመሪያ ምሳ! ጥብስ አዝዣለሁ።»

«ልጨርስ ጋሼ።»

«ይፋት አገራችን መጥተሽ ጦምሽን? ምን አድርጌሽ ነው?»

«እርስዎ ያዘዙትን በልቼ እምቢ ልልዎት አልችልም። ስብሰባዎን ከሲስተር ስልክ ኋላ ላሰልፈው ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ምስሌ ቢጠፋ ጥሎ ወጣ ይሉኛል እኮ፣ ልጄ።»

አሳዘኑኝ፤ ፍርሃታቸው የውሸት አልነበረም።

«ድምፅ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው» አለቻቸው። «ምስሉ አልፎ አልፎ ይቆም ይሆናል። ሴትዮዋ ግን መቆያ የላትም።»

ወደ ስብሰባው አዳራሽ በር ተጠጉ። መቅደስ ድምፅን አስቀደመች፤ ምስልን አስከተለች፤ ዘፈኑን ከሁሉም ኋላ ጣለችው። ሲስተር ደወለች። «አቤት ዶክተር... አዎ፣ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እስቲ መጠኑን ይድገሙልኝ።» ደግማ አረጋገጠችና ሮጠች። አዳራሹ ውስጥ የበላዩ ሰው አፋቸውን እንደከፈቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ጋሽ ተሾመ ትክ ብለው አዩዋቸው። «ዝም ሲሉ ያየኋቸው ዛሬ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ መቅደስ ዞሩ፤ «በይ፣ እምቢታሽን ጨርሰሻል፤ አሁን ብዪ።»

ጥብሱ ቀዝቅዞ ነበር፤ በላነው። ልንነሣ ስንል ሲስተር መጣች። «ወረደላት፣ አልሐምዱሊላህ።»

በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። ለሁሉም እሺ የሚል ደግነት በመጨረሻ የሚጎዳው የባሰበትን ሰው እንደሆነ ተምሬ ተመለስኩ። አንባቢ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤትህ የአንተም ኮምፒውተር በልመና «አስቸኳይ» ተብሎ ከሆነ፣ ነገ ባለሙያውን ጥራና ቅድሚያውን አስነሣው።